የቫይኪንግ ሙዚቃ የምትሉት ዛሬ የተደረሰ ነው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለዚህ ሥራ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነውና ገና ርዕሱን ሳየው ደስ አለኝ። ግን መሃል ላይ አንድ ነገር ብላችኋል፣ እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጌሞቹ ቫይኪንጎች፣ ማለትም የጥንቶቹ የስካንዲኔቪያ ባሕረኞችና ተዋጊዎች፣ ከሺህ ዓመት በፊት ይጫወቱት የነበረውን ትክክለኛ ሙዚቃ ለዓለም አሰሙ ትላላችሁ። ያንን ሙዚቃ ዛሬ በሕይወት ያለ አንድም ሰው ሰምቶት አያውቅም።

እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ለአንድ ትንሽ የጌም ቡድን ሙዚቃ እሠራለሁ፣ የጌሙ ታሪክም በዚያው ዘመን ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያገባኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቫይኪንግ ዘመን የሚባለው በግምት ከ793 እስከ 1066 ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኖታ ተጽፎ የደረሰን አንድም ዜማ የለም። በስካንዲኔቪያ በኖታ ተጽፎ የተገኘው የመጀመሪያው ዓለማዊ ዜማ 1300 አካባቢ ሩን በሚባለው የጥንት ሰሜን አውሮፓ ፊደል በተጻፈ የሕግ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። መጽሐፉ ኮዴክስ ሩኒከስ ይባላል። ዜማዋ አጭር ናት፣ እሷም ብትሆን የተጻፈችው ቫይኪንጎቹ ካለፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይታ ነው። ሰምቶ የጻፈ ሰውም ብዙ የለም። በ965 አካባቢ ከአንዳሉስ፣ ማለትም ከያኔዋ የሙስሊም ስፔን የመጣው መንገደኛ ኢብራሂም ኢብን ያዕቁብ አል ጠርጡሺ ሄደቢ የምትባለውን የቫይኪንጎች የንግድ ከተማ ጎብኝቶ ነበር። ከሰዎቹ ዘፈን የባሰ አስቀያሚ ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ፣ ከጉሮሯቸው የሚወጣው የውሻ ጩኸት እንደሚመስል አውርቷል። ዛሬ ቫይኪንጎች በጉሮሮ ያንጎራጉሩ ነበር የሚሉ ሰዎች ይህችን ወሬ እንደ ማስረጃ ይዘው ይዞራሉ። ለእኔ ግን የሰው አገር ዘፈን ያልተስማማው የአንድ እንግዳ አስተያየት ናት፣ ከዚያ በላይ ልትሸከም አትችልም።

ከመሬት የወጣ ዕቃ ግን አለ። ኖርዌይ ውስጥ በ1904 መቆፈር በጀመረው የኦሰበርግ መርከብ ውስጥ ከእንጨት የተሠራ መለከት ተገኝቷል፤ መርከቡ የተቀበረው በ834 ነው። እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ፣ ቫይኪንጎቹ ከሰፈሩበት ቦታ፣ ከአንድ ቁራጭ እንጨት የተቦረቦረች ትንሽ የሚነፋ መሣሪያ ወጥታለች። ቀዳዳዎቿ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፣ ዛሬም ስትነፋ አምስት ድምፅ ትሰጣለች። ከዚያ ደግሞ የክራራችን ዘመድ የሆነው ላየር አለ። ጀርመን አገር ትሮሲንገን የተገኘው ባለ ስድስት አውታር ላየር የ580 አካባቢ ሥራ ነው፣ ብዙም ሳይጎድል ነው የወጣው። በ1939 ከእንግሊዙ ሳተን ሁ መቃብር የወጣው ግን ስብርባሪ ነበር። ሊቃውንቱ መጀመሪያ ሃርፕ እንደሚባለው ሌላ ባለ አውታር መሣሪያ አድርገው ገጣጠሙት፤ ዓመታት አልፈው ነው ላየር መሆኑ ታውቆ እንደገና የተሠራው። ሁለቱም ከቫይኪንጎቹ በፊት የነበሩ የጎረቤት ሕዝቦች መሣሪያዎች ናቸው። ከስካንዲኔቪያ ምድር የተገኘው በአብዛኛው አውታሩ የሚያርፍበት ብርኩማና እንዲህ ያለ ቁርጥራጭ ነው። በቃ፣ ያለን ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ በጌሞቹ የምንሰማውን እንይ። ኒኬልሃርፓ አለ። በጣም የምወደው የስዊድን መሣሪያ ነው፣ ግን የመጀመሪያ ምስሉ ተብሎ የሚጠቀሰው ጎትላንድ ደሴት በአንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የተቀረጸ የ1350 አካባቢ ሥራ ነው። መዘውሩ እየተሽከረከረ አውታሩን የሚፍቀው ኸርዲ ገርዲም የመካከለኛው ዘመን ዕቃ ነው። ታገልሃርፓ ደግሞ አውታሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ የሚጫወቱትም በደጋን ነው፤ ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ጆሮ ያንን ሻካራ ድምፅ ወዲያው ያውቀዋል። ቫይኪንጎቹ ግን በደጋን ይጫወቱ እንደነበር የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ያ ደረት የሚያንቀጠቅጥ የጦር ከበሮም ከፊልም የለመድነው ነው።

ታዲያ ሁሉም ውሸት ነው ወይ? አይደለም። ድርሰት ነው። ድርሰት መሆኑን መናገር ደግሞ ሥራውን አያሳንሰውም፣ እንዲያውም የደከሙትን ሰዎች ወደፊት ያመጣቸዋል። በ2020 የወጣውን አሳሲንስ ክሪድ ቫልሃላን ውሰዱ። ሙዚቃውን የሠሩት ዴንማርካዊው ዬስፐር ኪድ፣ አሜሪካዊቷ ሳራ ሻክነርና ኖርዌያዊው አይናር ሴልቪክ ናቸው። ሴልቪክ ዋርድሩና የተባለው ባንድ መሥራች ነው፣ ጥንታዊ መሣሪያዎችን እንደገና እያሠራ ለዓመታት ሲጫወት የኖረ ሰው። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ ከፈለገ መርከበኞቹ እየቀዘፉ ይዘፍኑለታል። ዘፈኖቹ የድሮዎቹን የስካንዲኔቪያ ገጣሚዎች ሥርዓት የተከተሉ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ዜማው ባይደርሰንም ግጥሙ ደርሶናል። የቤቱ አመታት፣ የፊደል ድግግሞሹ፣ የቃላቱ ክብደት በአይስላንድ ብራናዎች ተጠብቋል። እና ጎበዝ ደራሲ ከግጥሙ አረማመድ ተነስቶ የዜማውን አረማመድ ይገምታል። ግምት ነው፣ ግን መሠረት ያለው ግምት ነው።

ሌሎች ሌላ መንገድ ሄዱ። በ2011 የወጣው ስካይሪም ስለ ቫይኪንግ እንኳ አይደለም፣ በፈጠራ ዓለም ውስጥ ያለ ሰሜናዊ አገር ነው። ጀረሚ ሶል ለዋናው ዜማ ሠላሳ ወንዶችን አሰልፎ ሦስት ጊዜ ቀረጻቸውና ደራረበው፣ ዘጠና ሰው ሆነው እንዲሰሙ። የሚዘምሩበት ቋንቋም ለጌሙ የተፈጠረ ነው። በ2014 ለወጣው ዘ ባነር ሳጋ ኦስቲን ዊንቶሪ የመረጠው ሲምፎኒ ሳይሆን የትንፋሽ መሣሪያ ኦርኬስትራ ነው። ብርዱንና ጉዞውን በዋናነት በናስና በእንጨት ትንፋሽ ማሰማት ይቻላል ብሎ ተነሳ፣ አደረገውም። የስዊድኖቹ ቫልሃይም ደግሞ በጥቂት ሰዎች ተሠርቶ በ2021 ሲወጣ በአንድ ወር ገደማ አምስት ሚሊዮን ቅጂ ሸጧል። የፓትሪክ ያርለስታም ሙዚቃ ብዙ ቦታ ላይ ዝግ ያለና ለስላሳ ነው። እንጨት እየቆረጥክ ቤት ስትሠራ አብሮህ ይቀመጣል። ከበሮ መደብደብ ግዴታ እንዳልሆነ ለማሳየት ለጀማሪዎች ሁልጊዜ የምጠቅሰው እሱን ነው።

ጽሑፋችሁ ያልነካው ሌላ ነገር አለ፤ የጌም ሙዚቃ እንደ ፊልም ሙዚቃ መነሻና መድረሻው አይታወቅም። ተጫዋቹ አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፣ ሁለት ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሙዚቃውን በንብርብር ነው የምንቀርጸው። ታች ዝም ብሎ የሚያጉረመርም አንድ ድምፅ፣ ከላዩ ላየር፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ ከበሮ። ጠላት ሲመጣ ከበሮው ይከፈታል፣ ሲሄድ ይዘጋል። ይህንን ከጌሙ ጋር የሚያያይዙልን እንደ ኤፍሞድና ዋይዝ ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ሁሉም ንብርብር ለብቻውም ከሌላው ጋርም ማማር አለበት። እኛ ላየራችንን የቀረጽነው በአንጀት አውታር ነው። አንጀት እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ቅኝቱ ይሸሻል፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ አንድ መስመር ልጨምር ብትል ከድሮው ጋር አይገጥምም። ክራርና በገና የሚይዝ ሰው ይህንን ችግር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ስለ ማስተዋወቁም ልናገር፣ ምክንያቱም «ሙዚቃው በራሱ ተወዳጅ ሆነ» የሚለው አገላለጻችሁ ብዙ ልፋት ይሸፍናል። በሰኔ 2016 ሎስ አንጀለስ በተደረገው ኢ3 በተባለው የቪዲዮ ጌም ትርኢት ላይ ሶኒ መድረኩን የከፈተው በሙሉ ኦርኬስትራ ነው። ቤር ማክሪሪ ቆሞ እየመራ የጎድ ኦፍ ዋር የተባለውን ጌም ዜማ አሰማ፣ ከዚያ ጌሙ ታየ። ጌሙ ራሱ ገበያ ላይ የዋለው በ2018 ነው። ዜማውን ሰው ከጌሙ በፊት ሰማው ማለት ነው። የፋሮ ደሴቶች ተወላጇ አይቨር ያንን ድምጿን ጨመረችበት፣ ከዚያ በኋላ ማን ይረሳዋል። ቫልሃላም ጌሙ ሳይወጣ ነው ጥቂት ዜማዎቹን አስቀድሞ የለቀቀው። የቫልሃላ ተጨማሪ ክፍል የሆነውን ዶውን ኦፍ ራግናሮክን የሠራችው ስቴፋኒ ኢኮኖሙ ደግሞ በየካቲት 2023 ለጌም ሙዚቃ ብቻ የተመደበውን የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት ወሰደች። ዊልደረን ከተባለ የሜታል፣ ማለትም የከባድ ሮክ ባንድ ጋር ነበር የሠራችው። የቫይኪንግ ዘመን ከብላክ ሜታል ጋር! ማንም ይሄ የድሮ ነው አላለም፣ እሷም አላለችም፣ ሥራው ግን አሸነፈ።

ለትንንሾቹ ትልቅ መድረክ የለም፣ ሌላ በር ግን አለ። ማሉካ የምትባለው ዘፋኝ የስካይሪምን የአዝማሪ ዘፈን በዩቲዩብ ዘፍና በዓለም ታወቀች፣ ከዚያ በኋላ በዘ ባነር ሳጋ ላይ ዘፍናለች። አድማጩ ራሱ ሲዘፍነው ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ስለዚህ ዜማህ በአንድ መሣሪያና በአንድ ሰው ድምፅ የሚወጣ ይሁን፣ ግጥሙን በግልጽ አስቀምጥ እላለሁ። ጌም እየተጫወቱ በቀጥታ የሚያስተላልፉ ልጆች የኮፒራይት ክስ ስለሚፈሩ፣ ሙዚቃዬን ያለ ስጋት አሰሙ ብሎ በግልጽ መጻፍም ያስፈልጋል። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከ2020 ጀምሮ የጌሙን ሙዚቃ (ሳውንድትራኩን) ጌሙን ላልገዛ ሰውም መሸጥ ይቻላል። ይህን የማይጠቀም ደራሲ ሳይ ያናድደኛል።

እና ስናስተዋውቅ ምን እንላለን? እኔ «በቫይኪንግ ዘመን መነሻነት የተደረሰ አዲስ ሙዚቃ» ነው የምለው። ከመሬት የወጣው የትኛው መሣሪያ እንደሆነ፣ እኛ የጨመርነው የትኛው እንደሆነ ከሥሩ እጽፋለሁ። «ትክክለኛ የጥንት» የሚለው ቃል የበለጠ ይሸጣል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ግን እዚህ ስዊድን ውስጥ የሩን ፊደል አርማቸው አድርገው ሰልፍ የሚወጡ ናዚዎች አሉ። «የአባቶቻችን ንጹሕ ድምፅ» የሚባል ነገር አለ ብለን እኛ ሙዚቀኞቹ ስንነግራቸው ሸቀጥ ማቀበላችን ነው። ሙዚቃው የዴንማርኩም፣ የአሜሪካዊቷም፣ የኖርዌዩም፣ የፋሮዋም እጅ ያለበት የዛሬ ሥራ መሆኑን መናገር እዚህ አገር ለምንኖር ሰዎች ትንሽ ነገር አይደለም። ልጆቼ እነዚህን ጌሞች ይጫወታሉ። የእነሱም እንደሆነ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን አውሮፓ በጣት የሚመታው ላየር ጠፍቶ ነው ዛሬ መልሰው የሠሩት። ዕቃው ተገኘ፣ እጁ ግን አልተገኘም። ጣት የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው አውታር እንደሚታፈን የሚያስተምር ሽማግሌ አልተረፈም። ስለዚህ መልሰው የሚሠሩት ሰዎች ዘመዱ በሕይወት ወዳለበት ወደ አፍሪካ ያያሉ። እኔም አብሮኝ ለሚሠራው ስዊድናዊ ላየር ተጫዋች የክራርን አመታት አሳየሁት። ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር ይመታል፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፣ ያልታፈነው ብቻ ይሰማል። ያን ቀን የቀረጽነው መስመር ጌሙ ውስጥ ገብቷል፣ ከየት እንደመጣም ጽፈንበታል።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም አርሟት። ሁለተኛው፣ ጽሑፋችሁ ውስጥ የጌሞቹና የኩባንያዎቹ ስም በሙሉ አለ፣ የአንድም ሙዚቀኛ ስም ግን የለም። ከላይ ጽፌላችኋለሁ፣ ከዚያ ውሰዱ። ስለ ክራርና ላየር ዝምድና ራሱን የቻለ ጽሑፍ ለማውጣት ካሰባችሁም የቀረጽናቸውን ድምፆችና ፎቶዎች በነጻ እልክላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከስቶክሆልም