የአያቶች ማጀት ክበብ፦ የዓመቱ ዘገባ

የትምህርት ቤት ክበባችንን «የመብል ክበብ» እያሉ የሚያሾፉ አሉ። እንበላለን፣ አልካድንም። ግን እዚህ ኒካራጓ፣ ማሳያ በምትባለው ከተማችን ቅዳሜ ተሰናድቶ እሑድ ጧት በዳቦና በቡና የሚበላው ናካታማል (ሥጋ ይዞ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል የበቆሎ ሊጥ)፣ ከአያት ለልጅ ልጅ በእጅ እንጂ በጽሑፍ ሲወርድ አላየንም። የዘንድሮ ሥራችን ያንን በሚዛን መመዝገብ ነበር። ምርጫውና ስብሰባው እንደ ወትሮው ተካሂዷል።

የጀመርነው ከበቆሎው ነው። ለ1 ኪሎ ደረቅ በቆሎ 10 ግራም ያህል የምግብ ኖራ ጨምሮ መቀቀል፣ በዚያው ውሃ ማሳደር፣ በማግስቱ ልጣጩ እስኪለቅ እያሹ አጥቦ ለሊጥ መፍጨት። ኖራው ካነሰ ልጣጩ አይለቅም፤ ከበዛ ሊጡ ይመራል። አንድ ጊዜ መሮብን ደፍተነዋል።

ዓመቱን ያሳመረልን ግን ሞኒምቦ ሰፈር የአንዲት ተማሪያችን አያት ቤት የዋልነው ቀን ነው። አያትዬው የአሳማውን ስብ ሊጡ ላይ በእፍኝ ይጨምራሉ። «ስንት ነው?» ሲባሉ መልሳቸው «እስኪበቃው» ነው። ስብሰባ ላይ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቀው የልጅ ልጃቸው እያንዳንዱን እፍኝ እየተቀበለች መዘነች፤ መርፌው ሁሌም 60 ግራም አካባቢ ይቆማል፤ ለኪሎ ሊጥ አራት እፍኝ። ቁጥሩን ጮክ ብላ ስታነብ አያቷ ጎንበስ ብለው ሚዛኑን አዩና «ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር?» አሏት።

ሊጡ ስብ፣ ጨውና የኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ ገብቶበት ከድስቱ እስኪላቀቅ እሳት ላይ ይማሰላል። በሙዝ ቅጠል ላይ ሊጡ፣ ከዚያ አቺዮቴ በሚባለው ቀይ የፍሬ ቅመም የታሸ የአሳማ ሥጋ፣ የተዘፈዘፈ ሩዝ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ናና ይደረደራል። ቅጠሉ አስቀድሞ በእሳት ካልተለበለበ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ውሃም ይገባዋል፤ የመጀመሪያዎቹ የኛ እንዲያ ሾርባ ሆነው ቀርተዋል። ታስሮ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ይቀቀላል፤ ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የፈላ ብቻ ነው፣ ቀዝቃዛ ካገኘው መፍላቱ ይቋረጥና ሊጡ እኩል አይበስልም።

ድስታችን ትንሽ በመሆኗ ተራ እየጠበቅን እስኪመሽ ቀቅለናል። የቤዝቦል ቡድኑ አዲስ መለያ ለብሷል፣ እንኳን ደስ አለው፤ እኛ ሚዛኑን እንኳ ተውሰን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የተቀደደ ሥጋ በበቆሎ ሊጥ የሚሠራውን ኢንዲዮ ቪዬሆ እንመዘግባለን። የእጅ ወፍጮ ወይም 40 ሊትር የሚይዝ ድስት ያላችሁ ወላጆች ለቢሮ ንገሩልን። ክዳኑን አትርሱ።