ያልተከፈለ ትኬት ሁሉ ኪሳራ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በኢኮኖሚ ዓምዳችሁ ስለ አረጋውያን ነፃ የሕዝብ ትራንስፖርት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ጊዜ ንዴቴ ባሰ። ዘጋቢው ስለ በጀት መጥበብና ስለ ዕድሜ መርዘም የጻፈውን ለጊዜው ልተወውና በአንድ ነገር ላይ ብቻ ላተኩር። በሰንጠረዡ ግርጌ በደማቅ ፊደል የሰፈረው «ጠቅላላ ኪሳራ» የተገኘው አረጋውያን ያደረጉትን የጉዞ ብዛት በሙሉ ታሪፍ በማባዛት ነው። በአንድ አውቶቡስ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ለ28 ዓመታት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ስሌት አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ቢያቀርብልኝ ኖሮ ሳልፈርምበት እመልስለት ነበር። እናንተ ግን ርእስ አድርጋችሁ አወጣችሁት።

የስሌቱ ስሕተት ይህ ነው። በነፃ የተሳፈረ አረጋዊ ሁሉ ክፍያ ቢጠየቅም ይሳፈር ነበር ብሎ ይነሣል። እውነቱ እንዲያ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አረጋውያን በነፃ 100 ጉዞ ቢያደርጉና ታሪፍ ቢጠየቁ ኖሮ 60ውን ብቻ ያደርጉ ነበር እንበል። ድርጅቱ ያጣው የ60 ጉዞ ገቢ ነው። ቀሪዎቹ 40 ጉዞዎች ነፃ ባይሆን ጨርሶ የማይደረጉ ስለነበሩ ከእነርሱ የሚጠፋ ገቢ የለም፤ ሊመዘን የሚገባው ያስከተሉት ተጨማሪ ወጪ ብቻ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚነሣ አውቶቡስ እኔ ገባሁም ቀረሁም የሹፌሩ ደመወዝ፣ ኢንሹራንሱና ጎማው አይቀሩም፤ ነዳጁም ቢሆን በእኔ ክብደት ምክንያት የሚጨምረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ነገሩ እንደሚለወጥ አልክድም። በዚያ ሰዓት አንድ ተጨማሪ ሰው ወይ ከፋይ ተሳፋሪ ፌርማታ ላይ ያስቀራል፣ ወይ ተጨማሪ መኪና ስምሪት ላይ እንዲወጣ ያስገድዳል፤ ያም መኪና ቀሪውን ቀን ሲቆም ይውላል። ውድ የሆነው የሕዝብ ትራንስፖርት ክፍል ይህ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ የአረጋውያንን ነፃ የአውቶቡስ ጉዞ በመላ አገሪቱ ስትዘረጋ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት ያለውን ጊዜ ከግዴታው ውጪ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው አገር ለአውቶቡስ ድርጅቶች የሚከፈለው ካሳም ድርጅቱ በዕቅዱ ምክንያት አትራፊም ከሳሪም እንዳይሆን በሚል መርሕ ይሰላል፤ ያለ ነፃ ፓስ (የነፃ መሳፈሪያ ካርድ) ይደረጉ የነበሩ ጉዞዎችና ነፃ በመሆኑ የተጨመሩት ተለይተው ነው የሚታዩት። በግምቶቹ ላይ ድርጅቶችና የአካባቢ ምክር ቤቶች ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ግን ጉዞን በታሪፍ አባዝቶ በማቆም ላይ አይደለም።

ዘገባችሁ የሴኡልን የምድር ውስጥ ባቡር እንደ ዋና ማስረጃ አቅርቧል። 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እዚያ በነፃ እንደሚሳፈሩ፣ ባቡሮቹም ለረጅም ጊዜ በኪሳራ እንደሚሠሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከደቡብ ኮሪያ ሕዝብ 20 በመቶ ደርሰዋል፤ ሸክሙ ከብዷል። ነገር ግን የባቡር ድርጅቱ ዋና ስሞታ ዘገባው የዘለለው ነው፦ መብቱን የደነገገው መንግሥት ሆኖ ሳለ ሒሳቡ የቀረው በከተማውና በባቡር ድርጅቱ ላይ ነው። የብራዚል ሕገ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1988 ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የከተማ ትራንስፖርት ነፃ እንዲሆን ደነገገ፤ የተለየ በጀት ባልተመደበባቸው ከተሞች ግን ወጪው በሌሎች ተሳፋሪዎች ታሪፍ ላይ ተጨመረ። በአውቶቡስ ወደ ሥራ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ የእኔን ትኬት እንዲከፍል መደረጉን ፍትሐዊ ነው ብዬ አልከራከርም። ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ጋዜጣችሁም መጠየቅ የነበረበት ይህንኑ ነበር።

ካሳው ለድርጅቱ በአግባቡ ሳይደርስ ሲቀር የሚሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር ለሐኪም ቀጠሮ ወጥተን ፌርማታ ላይ ቆመን ነበር። የመጀመሪያው አውቶቡስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ሹፌሩ የባለቤቴን ምርኩዝ አየና መልሶ ነዳጅ ሰጥቶ አለፈን። በኋላው መስታወት ባዶ ወንበሮች ይታዩ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ምርኩዟን ከጀርባዋ ደበቀች፤ በሌላ እጇ ትከሻዬን ይዛ ቀጥ ለማለት ሞከረች። እሱ ቆመልን። ዘግይተን ስለደረስን ቀጠሮው ለሦስት ሳምንት ተላለፈ። ሹፌሩን ብቻ አልወቅስም፤ በቀን የሚጠበቅበት ገቢ ያለበትና የእኛ መሳፈር አንዳች የማይቆጠርለት ሰው ነው። የባከነው የሐኪም ሰዓትና የሦስት ሳምንቱ ሕመም ግን በእናንተ ሰንጠረዥ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ ዘጋቢያችሁን መጠየቅ እፈልጋለሁ።

ነፃ ጉዞው በገቢ ምርመራ ለድሆች ብቻ ይሁን የሚለው የዘገባው ሐሳብም ያልተመረመረ ነው። ምርመራ ሠራተኛ፣ ሰነድና ሰልፍ ይፈልጋል፤ በዚያ ሰልፍ ቀድሞ የሚወድቀው ደግሞ መቆም የማይችለው ነው። መኪና ያለው ባለጸጋ ፓሱን በኪሱ ይዞ ካልተሳፈረበት፣ ካሳ በጉዞ ብዛት በሚከፈልበት አሠራር አንዳች ወጪ አያስከትልም። ወጪን መቀነስ ካስፈለገ በሰዓት ወይም በመነሻ ዕድሜ ላይ መነጋገር ይሻላል፤ በእንግሊዝ ከለንደን ውጪ የፓሱ ዕድሜ ከሴቶች የጡረታ መነሻ ጋር ተያይዞ ከ60 ወደ 66 ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ባልወደውም እንኳ በሐቀኛ ስሌት ላይ ከቆመ ልከራከርበት እችላለሁ።

ከሁሉ የጎዳኝን ልናገር። ዘገባው የድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ የመንግሥት ባለሥልጣንና የኢኮኖሚ ባለሙያ አናግሯል፤ አንድም አረጋዊ አላናገረም። እኛ የታየነው በፎቶግራፉ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ከጀርባችን።

ስለዚህ የ«ጠቅላላ ኪሳራ» ቁጥሩ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲታረም እጠይቃለሁ። የታጣው ገቢ ለብቻ፣ ተጨማሪው ወጪ ለብቻ፣ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓቱ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ። ዘጋቢው ስሌቱን ሲያዘጋጅ የሚያማክረው ሰው ከፈለገ አድራሻዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ