ለአባባ፣ ስለ አዳራሹ

አባባ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎትስ እንዴት ነው፣ ቅባቱን ማታ ማታ ማሸትዎን እንዳይረሱ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ልጆቹም ደህና ናቸው። ይሄን በቴሌግራም የምልከው የወንድሜ ልጅ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ እንዲያነብልዎት ነው። ስልክ ስደውል ኔትወርኩ ይቆራረጥና ደህና ነኝ ደህና ነኝ ተባብለን እንዘጋለን፣ ይሄ ነገር ግን እንደዛ የሚሆን አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የሰፈር ልጆች ግሩፕ ላይ የድሮውን የገበሬ ማህበር አዳራሽ ፎቶ ለጠፉት። ይፈርስና በብሎኬት አዲስ ይሰራል፣ ሁላችሁም አዋጡ ነው ነገሩ። ማዋጣቱን አዋጣለሁ፣ እሱ ላይ ምንም የለኝም፣ ግን ፎቶውን ሳየው እንቅልፍ አጣሁ። ጣራውን አጉልቼ አየሁት። አንዱ ቆርቆሮ ዝጎ ቡናማ ሆኗል፣ ጎኑ ያለው ግራጫ ነው፣ ሌላው ላይ ደግሞ ከስር ጥላሸት ይታያል የማድቤት ጭስ የጠጣ ይመስላል። ልጅ ሆኜ አባባ ይሄ ጣራ ለምን ዥንጉርጉር ሆነ ብዬ ጠይቄዎት የሰው ቤት አይቶ የመጣ ቆርቆሮ ነው አሉኝ፣ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ እማዬ ነፍሷን ይማርና ከማረፏ በፊት የነገረችኝ ጊዜ ነው።

ግንቦት 1983 መንግስት ሲወድቅ የብዙ አገር የገበሬ ማህበር ቢሮና መጋዘን እየተነቀለ ተወሰደ አይደል፣ የኛም በአንድ ሌሊት ራቁቱን ቀረ፣ በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። እማዬ ስትለኝ እርሶ ጠዋት ሄደው ግድግዳውን ዞረው አይተው መጡና ቁርስ ሳይቀምሱ ዋሉ። ከዛ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ ማን ወሰደ ሳይሉ፣ ሌሊት አዳራሹ ደጃፍ ለሚቀመጥ ቆርቆሮ ባለቤቱ አይጠየቅም ብለው ብቻ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ጠዋት ሦስት ቆርቆሮ ተገኘ። ከዛ አምስት፣ ከዛ ለሳምንት ምንም፣ ከዛ ዝናቡ ሲቃረብ አንድ ሌሊት ብቻ አስራ ምናምን። ያልተመለሰውን እድሩ አዋጥቶ ገዛው። እማዬ ስትስቅ ትዝ ይለኛል፣ አባትሽ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ከማን ቤት እንደመጣ ያውቅ ነበር፣ ቡና ስንጠጣ ጣራቸው ክፍት ሆኖ እያየ እንኳን አልተናገረም አለችኝ።

እኔ አሁን የግንባታ ሳይት ላይ ነው የምውለው፣ ቆርቆሮ አያለሁ። እንደዛ የተመለሰ ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ የተመታ የሚስማር ቀዳዳ አለው፣ አንዱ የሰው ቤት አንዱ የአዳራሹ፣ የሰው ቤቱ በሬንጅ ተደፍኗል። ባለፈው ፋሲካ ስመጣ መሰላል አስይዤ ወጥቼ ቆጥሬው ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም። ይሄን ቆርቆሮ ነው እንግዲህ ለቁራሌው ሊሸጡት የሚሉት።

ወጣቶቹን አልቀየማቸውም አባባ። አዳራሹ ለነሱ ቆይቶ የፖሊዮ ክትባት የተሰጠበት፣ ምርጫ ሲመጣ ሰልፍ የሚያዝበት፣ ክረምት የሚያፈስ አሮጌ ቤት ነው። ማን እንደሰራው የነገራቸው የለም። እኔስ ምን አውቃለሁ፣ የማውቀው ከእርሶ አፍ በቁርጥራጭ የሰማሁትን ነው። አያቴ ጢሰኛ ሆኖ ጤፉ ከአውድማ ሳይነሳ ባለመሬቱ ድርሻውን ሲሰፍር፣ እርሶ ከጎኑ ቆመው ማየትዎን። ከዛ የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ አረርቲ አንድ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ ሬዲዮ ከበው መስማትዎን። አዋጅ ቁጥር 31፣ የገጠር መሬት የህዝብ ሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ የለም፣ ያ ማለት ሩብ ጋሻ። ማህበሩ ደግሞ ቢያንስ 20 ጋሻ መሬት ላይ ነበር የሚደራጀው፣ ለዛ ነው ስምንት ጎጥ ተሰባስቦ አንድ ማህበር የሆነው። በእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ 60,000 ተማሪና አስተማሪ ገጠር ሲወርድ ካኪ የለበሱት ልጆች እኛም ጋ መጡ፣ ስብሰባው መጀመሪያ ዋርካው ስር ነበር፣ ክረምት ሲገባ ሰው እየበሰበሰ ሲበተን ቤት እንስራ የሚል ሀሳብ መጣ። በ1968 ማህበራቱ በአዋጅ ቁጥር 71 ህጋዊ ሰውነት ሲያገኙ ቤቱም በዛው አመት ቆመ። ይኸው 50 አመቱ ነው።

ስለ አሰራሩ ግን ደግሜ ደግሜ ብሰማው አልጠግብም። እያንዳንዱ ጎጥ አንድ የወይራ ምሰሶ አምጣ ተባለ፣ ስምንት ጎጥ ስምንት ምሰሶ። አንዱ ጎጥ ቀጭን ይዞ መጥቶ በሽማግሌዎች ተመልሶ፣ አፍሮ ሁለት ቀን ጠፍቶ ከሁሉም የወፈረውን ተሸክሞ መጣ ያሉኝን አልረሳውም። ምስጥ እንዳይበላው የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለብልባችሁ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባችሁት። ሴቶቹ ውሃ በእንስራ ከወንዝ አመላለሱ፣ ጭቃው በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ሲረገጥ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ያልገባበት አልነበረም። ደወል ስላልነበረ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ሰቅላችሁ በብረት ትመቱ ነበር። ቸርኬው አሁንም አለ፣ ፎቶው ላይ ጥግ ላይ ይታያል።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን የሰሜኑ ግድግዳ ነው። የባትሪ ድንጋይ ተፈጭቶ በቅጠል ጭማቂ ተበጥብጦ የተቀባው ጥቁር ሰሌዳ። የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ሲታወጅ ከተማ ላይ ነበር ወሬው፣ ቆይቶ እኛ ጋ ደረሰ፣ ትምህርቱም በ15 ቋንቋ ነበር፣ ከዩኔስኮም ሽልማት አግኝቷል። እማዬ ግን ሽልማቱን ምኑንም አታውቅ፣ እሷ የምታውቀው ማታ ከብቱን አስገብታ፣ ወንድሜን አዝላ፣ ኩራዝ ይዛ መሄዷን ነው። ከበደኝ የምትለው ፊደል ጨ ነበረች፣ ጸ እና ጨ ይምታቱባት ነበር። እጇ ላይ ጠመኔ ሲይዛት የሊጥ ያህል አይለቅም ትል ነበር። እስከምታርፍ ድረስ የእድር ደብተር ላይ በጣት አሻራ ፈርማ አታውቅም፣ ሌላው ሲቸኩል እሷ ስሟን ሙሉውን ከነአባቷ ጽፋ ነበር እስክሪብቶውን የምትመልሰው።

አዳራሹ ክፉም አይቷል አባባ፣ እሱንም አብረን እናንሳው። ገበሬው ለመንግስት በኮታ እንዲሸጥ የተገደደው እህል የተመዘነው እዛ ነው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የተመለመሉት ልጆች አድረው የሄዱት እዛ ነው፣ አጎቴም። እማዬ ናት የነገረችኝ እንጂ እርሶ አንድም ቀን አላወሩትም፣ ሌሊቱን ከውጭ በኩል ግድግዳው ጋ ተቀምጠው በጭቃው ስንጥቅ እያወሩት አነጉ አለችኝ። አልተመለሰም። ስለዚህ ሰው ጣራውን ሲነቅል ሌባ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፣ ምሬትም ነበረበት። ልጁ የሄደበት ሰው ያንን በር በመዶሻ ቢመታ አልፈርድበትም። ግን ወንድምዎት የሄደበትን ቤት መልሰው ጣራ ያለበሱት እርሶ ናቸው፣ ይሄን ነገር ካወቅኩ ጀምሮ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

አሁን የምለምንዎት ምን መሰለዎት። ቤቱ መፍረስ የለበትም። እኔ ስራዬ ስለሆነ በስሜት ብቻ አይደለም የምናገረው፣ ምሰሶዎቹን ባለፈው በመዶሻ እያንኳኳሁ ሰምቻቸዋለሁ፣ ስድስቱ ድምፃቸው ሙሉ ነው፣ ሁለቱ ግርጌያቸው ተበልቷል፣ እሱም ተቆርጦ በኮንክሪት እግር መቆም ይችላል። ግድግዳው እንደገና ቢመረግ፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቢወጣለት፣ ጣራው ጫፍ ወጣ ቢልና ዝናቡ ጭቃውን ባይመታው ሌላ 50 አመት ይቆማል። አዲሱ የብሎኬት አዳራሽ ከጎኑ ይሰራ፣ ቦታ አለ፣ ድሮዊንጉን እኔ በነፃ እሰራለሁ፣ ቀበሌ ድረስም እሄዳለሁ። ግን እኔ ግሩፕ ላይ ብጽፍ የከተማ ሰው ወሬ ይሆናል። እርሶ አንድ ቃል ቢሉ ይሰማል። እንደ ዛኔው ማለት ነው፣ ማንንም ሳይወቅሱ።

ደግሞ መዝገቡ። ከአልጋው ስር ያለው ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለው ሰማያዊ መዝገብ፣ አንዴ ብቻ ነው ያሳዩኝ። የመጀመሪያዎቹ ገፆች በሙሉ ሐምራዊ አውራ ጣት ብቻ ነበር፣ ገፁ ሁሉ ጣት፣ ከዛ ወደ መሃል ሲደርስ አልፎ አልፎ የተንጋደደ ስም ይጀምራል፣ ከዛ ስሙ እየበዛ ጣቱ እያነሰ ይሄዳል። ያንን ለወጣቶቹ ባሳያቸው ደስ ይለኛል። በስልኬ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ አይጥ እንዳይቀድመን።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ እመጣለሁ፣ አረርቲ ስደርስ እደውላለሁ። ሜትሬን እይዛለሁ፣ ለርሶም ከሸንኮራ ዮሐንስ ፀበል የሚያመጣልኝ ሰው አለ። የሳጥኑን ቁልፍ ያዘጋጁልኝ። እስከዛ ማንም ምንም እንዳይነቅል ለልጆቹ ይንገሩልኝ።

ከስምንቱ ምሰሶ የኛ ጎጥ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልነገሩኝም። ሲገቡ በግራ ያለው፣ ያ ወፍራሙ ይመስለኛል።

ልጅዎት