ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ተቋማት ቁጥጥር ኃላፊ፦ ሕመምተኛው ከካርድ በፊት ይታይ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን የምንጽፍልዎ በድንገተኛ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ጉዳዩ ለቢሮዎ አዲስ አይደለም። በጽሑፍ አስገብተናል፣ በስብሰባ ተናግረናል፣ ቃለ ጉባኤም ተይዞበታል። ያገኘነው መልስ «ደርሶናል፣ እናየዋለን» የሚል ብቻ ነው። እስካሁን የተለወጠ ነገር የለም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሕዝብ እየሰማ እንነጋገር።

ያለ ቀጠሮ በሚቀበሉ የአስቸኳይ ሕክምና ክሊኒኮች የታመመ ሰው በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ነርስ አይደለም፤ የካርድ ክፍል መስኮት ነው። ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ከዚያ ክፍያ። አስታማሚው ገንዘቡን እስኪያሟላ፣ የተቋረጠው ሲስተም እስኪመለስ፣ ከፊት ያሉት እስኪያልቁ ሕመምተኛው ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። ወደ ትሪያጅ፣ ማለትም ሕመምተኞች በሕመማቸው ክብደት ወደሚለዩበት ቦታ፣ የሚያልፈው ደረሰኝ ከያዘ በኋላ ነው። ማን ይቅደም የሚለው በሕመሙ ክብደት ሊወሰን ሲገባው፣ ሰው በመጣበት ተራ ተሰልፎ ከከፈለ በኋላ የሚሠራ ትሪያጅ ማንን ይታደጋል? ደንቡን ያውቁታል፦ የድንገተኛ ሕመምተኛ መጀመሪያ ይታያል፣ ምዝገባና ክፍያ ከኋላ ይደርሳሉ። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት የእኛ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ከሁሉ በላይ ያስቆጣን ግን ክሊኒኮቹ ለቢሮዎ የሚልኩት የሪፖርት ቅጽ ነው። «የጥበቃ ጊዜ» የሚለው ዓምድ መቁጠር የሚጀምረው ካርዱ ከወጣበት ሰዓት ነው። መስኮቱ ፊት ያለፈው ጊዜ የትም አይጻፍም። ገንዘብ ጎድሎት የተመለሰ፣ ወረፋው መሮት የሄደ፣ ሰልፍ ላይ ወድቆ ዘመዶቹ ወደ ሌላ ቦታ የወሰዱት ሰው በእናንተ ቁጥር ውስጥ ጭራሽ አልመጣም። ክሊኒኩ አጭር የጥበቃ ጊዜ ይልካል፣ ቢሮዎም እንዳለ ይቀበላል። ይህ ቁጥር ትክክል አይደለም። ትክክል እንዳልሆነም ነግረናችኋል።

መስኮቱ ፊት ምን እንደሚባክን በዝርዝር እንንገርዎ። ደረቱን ጭምድድ አድርጎ የያዘው ጎልማሳ በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሥቶ በሐኪም መነበብ አለበት፤ 10 ደቂቃው የሚቆጠረው ከበሩ ነው። አፉ ድንገት የተጣመመና አንድ እጁ የዛለ ሰው ስትሮክ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ክሊኒኩ መድኃኒቱ ባይኖረውም ሥራ አለበት፦ ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የታየበትን ሰዓት መጻፍ፣ ስኳሩን መለካት፣ ወደሚችል ሆስፒታል ደውሎ ወዲያው መላክ። በኢንፌክሽን ምክንያት ግፊቱ ለወረደበት ሰው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ጠጥቷል ተብሎ ጥግ ላይ የሚተወው፣ ያላበውና የሚቀባጥረው ሰው ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከጣቱ አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ ውጤቱ በሰከንዶች ይታወቃል፤ በዴሲሊትር ከ54 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ እዚያው መታከም ያለበት አደጋ ነው። የደረሰኝ ወረፋ ግን ይህን ሁሉ አይለይም።

የሕፃናቱ ነገር ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ድንገተኛ ትሪያጅ ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት መጀመሪያ የሚታዩት የአየር መንገድና አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ ራስን መሳትና መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ድርቀት ናቸው። የሠለጠነ ነርስ ልጁን እናቱ እንዳቀፈችው አይቶ፣ እጁን ዳስሶ፣ ደረቱን ገልጦ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ስም እስከ አያት ጠይቆ ካርድ ማውጣት ከዚህ ይረዝማል። ታዲያ አጭሩ ሥራ ለምን ከረጅሙ ኋላ ይሰለፋል?

ሕመምተኛው ትሪያጅ ሲደርስም ችግሩ አያበቃም። ለቁጥጥር ስትወጡ የትሪያጅ መዝገቡን ክፈቱና ሰው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ የሚጻፍበትን የአተነፋፈስ ዓምድ ከላይ ወደ ታች አንብቡት። 20፣ 20፣ 20፣ 22፣ 20። አስም የተነሣበትም 20፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረውም 20። የሰው ትንፋሽ እንዲህ ተመሳስሎ አያውቅም፤ ይህ ሳይቆጠር የተጻፈ ነው። ነርሷን ለመክሰስ አይደለም የምናነሳው። ብቻዋን ተመድባ፣ በር ላይ ሰው እየተገፋፋ፣ ለአንድ ሕመምተኛ ሙሉ 60 ሰከንድ ቆማ እንድትቆጥር የሚያስችል ጊዜ የሰጣት የለም። ግን ትንፋሽ በሌላ መንገድ አይለካም። በተለይ ሕፃን ትንፋሹ ወጥ ስላልሆነ ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ተገልጦ፣ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው። የሚያስለው የ8 ወር ሕፃን 56 ሲተነፍስ መዝገቡ ላይ 20 ከተጻፈ ሳምባ ምችው መዝገቡ ላይ የለም። ሐኪሙም በዚያ ቁጥር ተማምኖ ሽሮፕ አዝዞ ይልከዋል።

መሣሪያዎቹም ያው ናቸው። ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ጥፍሩ ከተቀባ ወይም እጁ ከተንቀጠቀጠ የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። መሣሪያው ላይ የሚታየው የልብ ምት በእጅ ከሚቆጠረው ጋር ካልገጠመ የኦክስጅኑ ቁጥርም አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ መሣሪያው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕመምተኞች ላይ የተደበቀ የኦክስጅን እጥረትን ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ አብዝቶ እንደሚስት አሳይቷል። ስለዚህ 93 እና 94 በመቶ የሚያሳይ፣ ግን ሲተነፍስ ትከሻው የሚነሣ ሰው «ኖርማል» ተብሎ አይመለስም። ግፊት መለኪያውም አንድ መጠን ማሰሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ለትልቅ ክንድ ሲጠብብ ንባቡን ከፍ ያደርጋል፣ ደም የፈሰሰውን ሰው የወረደ ግፊትም ሊሸፍን ይችላል። ሦስት መጠን ያለው ማሰሪያ መግዛት ለአንድ ክሊኒክ ከባድ ወጪ አይደለም።

በትሪያጅ አረንጓዴ ካርድ፣ ማለትም «መጠበቅ ይችላል» የሚል ምልክት፣ የተሰጠው ሰው አረንጓዴ ሆኖ እንደማይቀርም ያውቃሉ። ሆዱን አሞት የገባ ወጣት ወንበር ላይ እያለ ሊብስበት ይችላል። የወር አበባዋ የዘገየ፣ ሆዷን ያመማት ሴት ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ካላት በምትጠብቅበት ጊዜ ውስጥ ደም ወደ ሆዷ ሊፈስስ ይችላል፤ የእርግዝና ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ ሐኪም እስኪያዝዘው ይጠበቃል። የሚጠብቁትን ተዘዋውሮ ዳግም የሚያይ ነርስ ግን አልተመደበም። ከሚጠብቁት መካከል ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደርሰው የበር ጥበቃው ነው።

ስለ ሪፈር ብዙ አንልም። ወረቀት ጽፎ ለአስታማሚ ማስያዝ ሪፈር አይደለም። ተቀባዩ ተደውሎለት እሺ ካላለ፣ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ያለ ኦክስጅን ከሄደ፣ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ካልተጻፈ፣ ክሊኒኩ ሕመምተኛውን ያባረረው እንጂ ያስተላለፈው አይደለም።

የምንጠይቀው ከቢሮዎ ሥልጣን ውጭ አይደለም። የሪፖርት ቅጹ ላይ «በር የደረሰበት ሰዓት» የሚል ዓምድ ይጨመር፣ የጥበቃ ጊዜም ከእሱ ይቆጠር። ሳይታዩ የሄዱ ሰዎች ቁጥር ለብቻው ይመዝገብ። በእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ የሠለጠነ ነርስ ከካርድ ክፍሉ ፊት፣ በሩ ላይ ይመደብ፤ ነርሱ ቀይ፣ ማለትም በጣም አስቸኳይ፣ ያለው ሰው ካርድ ሳይጠየቅ ይግባ፣ ካርዱን አስታማሚው ኋላ ያውጣ። ተቆጣጣሪዎቻችሁ መዝገብ ሲያዩ ፊርማና ማኅተም ብቻ ሳይሆን የአተነፋፈስ ዓምዱንም ያንብቡ። ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በማታ ፈረቃም ይምጡ። ቀድሞ በተነገረ ጉብኝት ቀን ሁሉም ክሊኒክ በሩ ላይ ነርስ ያቆማል።

«ደርሶናል» የሚል ሌላ ደብዳቤ አንፈልግም። ቅጹ የሚቀየርበትን ቀን እና የሚከታተለውን የሥራ ክፍል የሚገልጽ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

በድንገተኛ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያዎች