የተረከዝ ደም ጠብታና የልጆች አእምሮ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሕፃናት የአእምሮ እድገት ያወጣችሁት ጽሑፍ አመጋገብን በስፋት ቢያነሳም፣ አብሮ የሚወለደውን የታይሮይድ ሆርሞን (አንገት ላይ ያለ እጢ የሚያመነጨውና ለአእምሮ እድገት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር) እጥረት ሳይጠቅስ አልፏል። ችግሩ በዓለም ላይ ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ልንከላከላቸው ከምንችላቸው የአእምሮ እድገት መጓደል ምክንያቶች ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው።

ክፋቱ አብዛኞቹ ሕፃናት ሲወለዱ ምንም ምልክት አለማሳየታቸው ነው። በእኛ ቤት የተወለደች አንዲት ልጅ ብዙ ስለምትተኛና ስለማታለቅስ አያቷ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት» ይሉ ነበር፤ የዓይኗ ቢጫነት ለሳምንታት መቆየቱንም ሆነ የድምፅዋን መጎርነን ማንም ከበሽታ አልቆጠረውም። ምክንያቱ ይኸው እጥረት መሆኑ በምርመራ ሲታወቅ ዓመት አልፏት ነበር። ሊቮታይሮክሲን የተባለው ርካሽ ክኒን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የተጀመረላቸው ልጆች ግን አብዛኞቹ እንደ እኩዮቻቸው ይማራሉ።

አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ሁሉ ለመመርመር «አቅም የለንም» የሚለው መልስ አያሳምነኝም፤ ኤችአይቪ ወደ ልጅ መተላለፉን ለማወቅ የሕፃናትን ደም በወረቀት ላይ አድርቆ ወደ ላቦራቶሪ የመላክ አሠራር በአገራችን አለና። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር በጥቂት ሆስፒታሎች ጀምሮ፣ እናቶች በ3ኛው ቀን ለድኅረ ወሊድ ክትትል ሲመጡ ከሕፃኑ ተረከዝ ደም እንዲወሰድና በዚያው መንገድ እንዲላክ ያድርግ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የተወሰደ ናሙና ሊያሳስት ስለሚችል ቀኑ ይጠበቅ፤ ውጤቱም 2ኛው ሳምንት ሳያልፍ ለወላጅ በስልክ ይነገር።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ