መጽሐፉ አለ፤ የሚያውሰው ሰው የለም

ክቡር አዘጋጅ፦

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ክርክሩ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ኩረጃና ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበሩ። በዚህ ሁሉ መሐል የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስሙ እምብዛም አይነሳም፤ ከተነሳም “መጽሐፍ እናሰባስብ” ለሚል ዘመቻ ነው። ዘመቻው ደግ ነው፤ ግን መጽሐፉን ከልጁ ጋር የሚያገናኝ ሰው ከሌለ ካርቶኑ እንደታሸገ ይከርማል። ያ ሰው በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የለም፤ ያለበትም ቦታ እጁ ታስሯል።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ኪት ከሪ ላንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባካሄዱት ጥናት፣ በቂ ሠራተኛና በቂ መጻሕፍት ያሏቸው ትምህርት ቤቶች የአካባቢው የኑሮ ደረጃ ታስቦበትም እንኳ በንባብ ፈተና የተሻለ ውጤት ነበራቸው። በሌሎች ግዛቶችም ተደጋግሞ ታይቷል። እንዲህ ያለው ጥናት ግን ሁለቱ አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። በዕጣ የተመደቡ ትምህርት ቤቶችን ያነጻጸሩት ጥናቶች የበለጠ ያስተምራሉ። በህንድ ካርናታካ ግዛት የተቋቋሙ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ16 ወር በኋላ ሲመዘኑ በልጆቹ የቋንቋ ችሎታ ላይ ለውጥ አልታየም። በኬንያ ገጠር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መማሪያ መጽሐፍ ሲታደል የጠቀመው ቀድሞም ጎበዝ ለነበሩት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ማንበብ አልቻሉማ። በፊሊፒንስ ታርላክ አውራጃ ግን ለ4ኛ ክፍል ልጆች በዕድሜያቸው የሚመጥን የተረት መጽሐፍ ቀርቦ፣ መምህራኑ ሠልጥነው፣ ለ31 ቀን በየዕለቱ ሲነበብ ውጤታቸው ከፍ አለ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ ግን ጭማሪው በግማሽ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ክፍሉ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ውስጡ የሚሠራውና ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው ውጤት የሚያመጣው።

ወደ እኛ ስንመጣ ትልቁ እንቅፋት የንብረት አያያዙ ነው። መጽሐፍ በሞዴል 19 (በንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ገቢ ይሆናል፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ፈርማ ትረከባለች። ከዚያ በኋላ ባለ 16 ገጹ የተረት መጽሐፍ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ይቆጠራል። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ የጎደለውን እሷ ትጠየቅበታለች። ከደመወዜ ይቆረጣል ብላ የምትሰጋ ሠራተኛ ቁም ሳጥኑን ብትቆልፍ ምን ይገርማል? ስንፍና አይደለም፤ አሠራሩ ያስገደዳት ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። መዝገበ ቃላት፣ አትላስና ውድ አጋዥ መጻሕፍት በቋሚ ንብረትነት ይቀጥሉ፤ እዚያው ይነበቡ። የታሪክና የተረት መጻሕፍት ግን እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ሆነው ይመዝገቡ። ከ100 መጽሐፍ እስከ 5 በዓመት ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይሰረዝ። ከዚያ በላይ ሲጎድል ብቻ ምርመራ ይደረግ። የማይጠፋ መጽሐፍ ያልተነበበ መጽሐፍ መሆኑን የሚመለከታቸው ሁሉ ቢያውቁት እንወዳለን።

ሁለተኛው የክፍለ ጊዜ ጉዳይ ነው። “በትርፍ ጊዜያቸው ይምጡ” የሚባለው ለ60 ልጅ ክፍል አይሠራም፤ በፈረቃ ለሚማር ልጅ ትርፍ ጊዜ የለውም። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ ቢኖር በሳምንት 30 ይሆናል። 24 ክፍሎች አንድ አንድ ቢደርሳቸው 6 ክፍለ ጊዜ ለምዝገባና ለጥገና ይተርፋል። ከ60ው ልጅ 30ው በአንድ ሳምንት፣ 30ው በሚቀጥለው ይግባ፤ የቀሩት ከቋንቋ መምህራቸው ጋር ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። የውሰት ጊዜውም ሁለት ሳምንት ስለሚሆን መመለሻው ቀን ከተራቸው ጋር ይገጥማል። በ40 ደቂቃው ውስጥ 5 ደቂቃ ለመመለስ፣ 10 ደቂቃ ባለሙያዋ ለሁሉም ለማንበብ፣ 15 ደቂቃ ለየግል ንባብ፣ 10 ደቂቃ ለመምረጥና ለመዋስ ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚፈርሰው መጽሐፍ መዋሱ ላይ ነው። ልጁ ስሙን፣ ክፍሉን፣ የመጽሐፉን ርእስና ደራሲውን በየጊዜው ከጻፈ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰልፉ ሳያልቅ ደወል ይደወላል፣ ልጆቹም ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ያለው የክፍል መዝገብ በዓመቱ መጀመሪያ ከተዘጋጀ የመጽሐፉን ቁጥርና ቀኑን መጻፍ ብቻ ይቀራል፤ 20 ሰከንድ። የቤተ መጻሕፍት ክበብ አባላት የሆኑ ሁለት ተማሪዎች ይህን ሥራ ይችሉታል።

ሌላም አለ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፤ የሠራተኛዋ ምሳ ከልጆቹ ምሳ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚውል ነው። የእሷ ምሳ በአንድ ሰዓት ቢገፋ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ይህ በጀት አይጠይቅም።

ስለ ስጦታ መጻሕፍት አንድ ነገር ማለት አለብን። ከውጭ ከሚመጡት ካርቶኖች ውስጥ የኮሌጅ መማሪያና ጊዜ ያለፈበት የኮምፒውተር መመሪያ ሞልቷል። ልጁ አንድ ገጽ ከፍቶ ከአምስት በላይ የማያውቃቸው ቃላት ካገኘ መጽሐፉ ገና ለእሱ አይደለም። ለጋሾች፣ በተለይም በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ የመርከብ ማጓጓዣውን ገንዘብ እዚሁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹ የመማሪያ ቋንቋዎች የታተመ የሕፃናት መጽሐፍ ግዙበት፤ ከአንዱ ርእስ አንድ ሳይሆን አምስት ቅጂ። በስቴፕለር የተሰፉት ሽቦው ዝጎ ገጹን ስለሚበላው ገና ሲገቡ በክር ይሰፉ፤ ጀርባቸው ላይ ጨርቅ ይለጠፍ። ግልጽ ፕላስተር አይበጅም፤ ሲደርቅ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል።

ለትምህርት ቢሮዎች የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ የንብረት ምዝገባው ይስተካከል፤ 20ና ከዚያ በላይ ክፍል ላለው ትምህርት ቤት ሁሉ ሌላ ሥራ የማይደረብባት አንዲት የሠለጠነች ባለሙያ የሥራ መደብ ይከፈት፤ ቤተ መጻሕፍቱ ጡረታ የቀረበ ወይም ከማስተማር የተነሳ መምህር ማሳረፊያ መሆኑም ይቅር። ከወረዳ በሚሰበሰበው ሪፖርት ላይ ደግሞ ከመጻሕፍት ብዛት ጎን ሁለት መስመር ይጨመር፦ በወሩ ስንት መጽሐፍ ተዋሰ፣ በወሩ አንድም መጽሐፍ ያልተዋሰ ተማሪ ስንት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ