40,000 ኪሎ ሜትር የየትኛው ፊልትሮ ነው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁን ስይዝ መጀመሪያ የምገልጠው የመኪና ዓምዱን ነው። ስለ ነዳጅ ማጣሪያ (ፊልትሮ) ያወጣችሁትንም ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አንድ መስመሩ ግን አላስቀምጥ አለኝ። «የነዳጅ ማጣሪያ በየ40,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል» ይላል። አለቀ። የቤንዚን ይሁን የናፍጣ፣ አሮጌ ይሁን አዲስ፣ ምንም አልተባለም።

ቁጥሩ ሐሰት ነው አልልም። ልክ የሚሆንላቸው መኪኖች አሉ። ግን ለአንዱ የዘገየ፣ ለሌላው የቸኮለ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ የማይመለከተው ቁጥር ነው። እኔ ይህንን ያወቅሁት ተንከራትቼ ነው።

የምነዳው ናፍጣ ፒክአፕ ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ሻጩ «ፊልትሮው ገና አዲስ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። እንደ እናንተው 40,000ን ይዤ ቁጭ አልኩ። ወደ 25,000 ገደማ ስነዳ መኪናው ዳገት ላይ መለገም ጀመረ። ሜዳ ላይ ምንም አይለውም። ቆሞ ሲሠራም ድምፁ ልክ ነው። ዳገት ሲጀምር ግን ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ ወይ ፍንክች! አንዱ መካኒክ «ተርቦው ነው» አለ፤ ለሞተሩ አየር የሚጨምቀውን ማለቱ ነው። ሌላው «ኢንጀክተሮቹ አልቀዋል» አለ፤ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን። ሁለቱም ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ አልጠየቁኝም። እኔም አላነሳሁባቸውም። 40,000 መቼ ሞላና?

በመሃል ለሰርቪስ አንድ ጋራዥ አስገብቼው ነበር። እዚያ ፊልትሮውን ፈትተው በኮምፕሬሰር ነፍተው መልሰው ገጠሙት። «ጸድቷል፣ ገና ይሠራል» ተባልኩ። ለሁለት ሳምንት እውነትም የተሻለው መሰለኝ። ከዚያ ባሰበት።

በመጨረሻ ራሴ ፈታሁት። ውስጡ የቀረውን ናፍጣ መስታወት ብልቃጥ ላይ ገለበጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ከሁለት ተከፈለ። ከላይ ናፍጣው፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ፣ መሃላቸው ላይ ደግሞ ጥቁር አተላ። ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ሁልጊዜ ይዘቅጣል። አዲስ ፊልትሮ ገጠምኩ። ዳገቱ ሜዳ ሆነልኝ። ተርቦውም ኢንጀክተሮቹም አልተነኩም።

ነገሩ ሲያስቡት ቀላል ነው። ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣው ነዳጅ ጥቂት ነው። ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮም ያቺን ታህል ማሳለፍ አያቅተውም። ጉዱ የሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛ ወይም ፍጥነት ሲጨመር ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ሜዳ ላይ አንበሳ፣ ዳገት ላይ ድመት ከሆነ ከፊልትሮው ጀምሩ። ከሁሉም ርካሹ ጥርጣሬ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ናፍጣ መኪና ላይ ፊልትሮው ሁለት ሥራ አለበት። ቆሻሻ ይይዛል፣ ውሃም ይለያል። ነዳጅ የሚገፋውን ፖምፓና ኢንጀክተሩን የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ውሃ ሲገባ ልስላሴው ይጠፋል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ዝገትም ይከተላል። የድሮዎቹ ናፍጣ ሞተሮች ጥቂት ቆሻሻ ይችሉ ነበር። የዛሬዎቹ አይችሉም። ኮመን ሬይል የሚባለው፣ ነዳጁን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያድል አሠራር እ.ኤ.አ. በ1997 ለቤት መኪና ሲመጣ የነዳጁ ግፊት እስከ 1,350 ባር ይደርስ ነበር። አሁን 2,000 ባርን ያለፉ አሉ። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ተኩል ባር አካባቢ መሆኑን አስቡት። በዚያ ግፊት በሚረጭ ነዳጅ ውስጥ የገባች ደቃቅ አሸዋ እንደ ሞረድ ነው የምትበላው። ለዚህ ነው የዘመኑ ናፍጣ ፊልትሮ 5 ማይክሮንና (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከዚያም ያነሰ ብናኝ እንዲይዝ የሚሠራው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ወንፊቱ እንዲህ ጠብቦ ቶሎ ቢደፈን ምን ይገርማል?

ብዙ ናፍጣ መኪኖች መመሪያቸው ላይ ከ20,000 እስከ 40,000 ባለው ውስጥ ቀይሩ ይላሉ። 60,000 የሚሰጡም አሉ። የእናንተ 40,000 እንግዲህ ለብዙዎቹ የመጨረሻው ጠርዝ ነው።

ከመቀየሩ በፊት ደግሞ ውሃ ማፍሰስ የሚባል ነገር አለ። ጽሑፋችሁ ውስጥ ጭራሽ አላየሁትም። ብዙ ናፍጣ ፊልትሮዎች ሥር ትንሽ መክፈቻ አለች። ዕቃ ደቅኖ እሷን ማላላትና ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ማፍሰስ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን ዳሽቦርዱ ላይ የውሃ ማስጠንቀቂያ መብራቷ እስክትበራ እንጠብቃለን። ስትበራም «ሰንሰሩ ተበላሽቶ ነው» እንላለን።

ቤንዚን ላይ ታሪኩ ሌላ ነው፤ አጠር ላድርገው። ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) ያላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ ፊልትሮዋ ብዙ ጊዜ ነዳጅ ቱቦው መሃል የገባች ትንሽ ፕላስቲክ ናት። ውስጧ ይታያል። ጠቁራ ካያችኋት ኪሎ ሜትር መቁጠር ምን ያደርጋል? የእናንተ ቁጥር በደንብ የሚሠራው በካርቡሬተር ፋንታ ነዳጁ በኢንጀክተር የሚረጭላቸው (ኢንጀክሽን) ሆነው ፊልትሮው ከመኪናው ሆድ ሥር ወይም ሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ቆርቆሮ የሆነባቸው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ግን ፊልትሮውን ታንክ ውስጥ ከፖምፓው ጋር አንድ ላይ አድርገውታል። መመሪያቸውን ብትገልጡ የመቀየሪያ ጊዜ አታገኙም። «ዕድሜ ልክ» ይሉታል። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይናገሩም። የመኪናው? የፊልትሮው? ወይስ የዋስትናው?

እንዲህ ያለውን ያለ ምክንያት ማስፈታት አልመክርም። የኋላ ወንበር ይነሳል፤ አንዳንዱ ላይ ታንኩ ራሱ ይወርዳል። ምልክት ካሳየ ግን ሌላ ነው። ጠዋት አልነሳ ካለ፣ ፍጥነት ላይ ከተንገጫገጨ፣ ወይም ከኋላ የፖምፓው ጩኸት ከበረታ፣ መካኒኩ በግምት ሳይሆን በጌጅ የነዳጁን ግፊት ይለካ። ፖምፓ ሲቀየር ደግሞ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። ፖምፓን አድክሞ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የተደፈነ ፊልትሮ ነውና አዲሱን ለአሮጌው ገዳይ መስጠት አይሆንም።

መመሪያው ራሱስ በትክክል ይነበባል ወይ? ብዙዎቹ ላይ ሁለት ሠንጠረዥ አለ። አንዱ ለተለመደ አነዳድ፣ ሌላው ለከባድ ሁኔታ። አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ መጎተት፣ ሞተር ሳይጠፋ ረጅም ጊዜ መቆም፣ አጭር አጭር ጉዞ፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይወስዱናል። እዚያ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ በጣም ያነሰ ነው። እኛ ሁላችንም ራሳችንን የተለመደው ውስጥ ነው የምንመድበው። ከቁጥሩ አጠገብ «ወይም ይህን ያህል ወር፣ ቀድሞ የመጣው» የሚልም ታገኛላችሁ። ቆማ የምትውል መኪና ኪሎ ሜትር ባትቆጥርም ታንኳ ውስጥ ውሃና ዝገት ይጠራቀማል።

ስለ መንፋት አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። የአየር ማጣሪያን አራግፎ መመለስ የለመደ እጅ የነዳጁንም እንደዚያው ያየዋል። የነዳጅ ፊልትሮ ግን ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ነው። ቆሻሻው የተያዘው ላዩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ክሩ መሃል ገብቶ ነው። የኮምፕሬሰር አየር ሲመጣ ወረቀቱ ይበሳል። መኪናው ተሻለው የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ነዳጁ ሳይጣራ በቀዳዳው ስለሚያልፍ። የእኔም ሁለት ሳምንት ይኸው ነበር። ቀይሩልኝ ብላችሁ ከሰጣችሁ አሮጌውን ፊልትሮ አምጡ በሉ። ዕቃው የእናንተ ነው።

አገጣጠም ላይ ብዙ አልልም። ፊልትሮው ላይ የተሳለው ቀስት ወደ ሞተሩ ያመልክት። ቤንዚን ላይ የፖምፓው ፊውዝ ወጥቶ ሞተሩ እስኪጠፋ ካልተሠራ ቱቦው ውስጥ ግፊት አለ፤ ሲፈታ ፊት ላይ ይረጫል፣ አጠገቡ እሳት ካለ ደግሞ የከፋ ነው። ናፍጣ ላይ አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን ሞልቶ መግጠም የተለመደ ነው። ያ ናፍጣ ግን አልተጣራም። በመሃለኛው ቀዳዳ ከተሞላ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ፖምፓው ይሄዳል። የእጅ ፖምፓ ካለ እሱን እየጫኑ አየሩን ማስወጣት ይሻላል።

የምጠይቃችሁ እርማት ቀላል ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ የናፍጣንና የቤንዚንን መስመር ለዩልን፤ ታንክ ውስጥ ያለውንም ለብቻው አድርጉት። አንድ ቁጥር ቆርጦ ኪሱ የከተተ አንባቢ እንደ እኔ ተንከራቶ ያለ ጥፋቱ ተርቦ እስከ ማስፈታት ሊደርስ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የናፍጣ መኪና ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ታንኩን ሩብ ሳይደርስ ሙሉ» ያላችሁት ግን ግሩም ነው፤ ምክንያቱን ባትጽፉትም። ታንክ ውስጥ ያለ ፖምፓ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው። ባዶ ቦታው ሲሰፋ ደግሞ የአየሩ እርጥበት ታንኩ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። እኔ ብልቃጥ ውስጥ ካየሁት ውሃ የተወሰነው ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም። ከዚያ በፊት የነዳጅ ማለቂያው መብራት ሳይበራ ማደያ ገብቼ አላውቅም ነበር።